አባቴን ሥጋ ልከልክላቸው? (አሚኖ አሲድና ፓርኪንሰን)

የጉለሌ ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ቤተሰብ። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ፓርኪንሰን ነው ከተባሉ 6 ዓመት ሞላቸው። የሚወስዱት ሌቮዶፓ የሚባለውን የፓርኪንሰን ክኒን ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ማታ 11 ሰዓት።

ሁዳዴን በሙሉ ደህና ነበሩ። እስከ 9 ሰዓት ነው የሚጾሙት፤ ክኒኑን ግን በውኃ እንዲወስዱ የነፍስ አባታቸው ፈቅደውላቸዋል። እንደውም ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ደርሰው ይመለሱ ነበር።

ፋሲካ ዕለት ዶሮው መጣ፣ ክትፎው መጣ፣ ዓይቡ መጣ። እኛም «55 ቀን ጾመው፣ ብሉ እንጂ አባዬ» እያልን በየተራ አጎረስናቸው። የ6 ሰዓቷን ክኒን ከምሳው ጋር ዋጧት። 8 ሰዓት ላይ እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱና በሩ ጋ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። ጫማቸው ከምንጣፉ ጋር የተሰፋ ነው የሚመስለው። ላይኛው ሰውነታቸው ወደፊት ያዘነብላል፣ እግራቸው አይከተልም። «እግሬ እምቢ አለኝ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ እንግዳ እንዳይሰማ። እኔና ወንድሜ ደግፈን መለስናቸው። እስከ ማታ አልተስተካከሉም።

በማግስቱ ስልኬ ላይ ስፈልግ «የአሚኖ አሲድ መርዛማነት ለፓርኪንሰን አስተዋጽኦ ሊኖረው ይችላል» የሚል አገኘሁ። አሚኖ አሲድ ማለት የፕሮቲን መሥሪያ ነው፤ ፕሮቲን ደግሞ ሥጋ ነው። ታዲያ ያጎረስናቸው መርዝ ነው ማለት ነው? እናቴ ሥጋም፣ እንቁላልም፣ ወተትም ከቤት ይውጣ ብላለች። እሳቸው አኩርፈዋል። የምታውቁ እስቲ በአማርኛ አስረዱኝ።

ሽሮ ፈሰስ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ይኸው! እኔ ሁሌ እላለሁ፣ የሚጨርሰን ሥጋ ነው። አያቴ 90 ዓመት ያለፋት በሽሮና በጎመን ነው። እናትህ ትክክል ናቸው።

የድሮዋ ነርስ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05

የጉለሌ ልጅ፣ እንኳንም አባትህ አልወደቁ። ሥጋውን መልስላቸው።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የተቀላቀሉብህ። አይፈረድብህም፤ ሁለቱም ላይ «አሚኖ አሲድ» የሚል ቃል አለበት። አንደኛው ፋሲካ ዕለት አባትህን ያቆማቸው ነው። ሁለተኛው ስልክህ ላይ ያነበብከው ነው። ሁለተኛውን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ይመጣል፤ እኔ የመጀመሪያውን ልንገርህ። ሜሪላንድ ውስጥ ብዙ ዓመት አረጋውያንን አስታምሜአለሁ፤ ይህን ነገር በዓይኔ ሳየው ነው የኖርኩት።

ሌቮዶፓ ራሱ አሚኖ አሲድ ነው። አንጎል ውስጥ ሲገባ ነው ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው፤ ዶፓሚን እንቅስቃሴን የሚያዝ የአንጎል መልእክት አድራሽ ነው፣ ፓርኪንሰን ላይ የሚያንሰው እሱ ነው። ዶፓሚን በቀጥታ ለምን አይሰጥም ብትል፣ ከደም ወደ አንጎል መሻገር አይችልም። ሌቮዶፓ ግን ይሻገራል፤ አሚኖ አሲዶች የሚገቡበት በር አለ፣ በዚያ ይገባል። ችግሩ በሩ የእሱ ብቻ አለመሆኑ ነው። ከሥጋው፣ ከዓይቡ፣ ከእንቁላሉ የሚወጡት እነ ሉሲን፣ እነ ፌኒልአላኒን፣ እነ ታይሮሲንም የሚገቡት በዚያው ነው። አንጀት ላይ አንድ ጊዜ ይጋፋሉ፣ አንጎል ደጃፍ ላይ ደግሞ እንደገና።

ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ያለውን የታክሲ ግፊያ አስብ። ክኒኗ እዚያ መሀል የቆመች አሮጊት ናት። ታክሲው ይመጣል፣ ጎረምሶቹ ዘለው ይሞሉታል፣ እሷ ትቀራለች። ፋሲካ ዕለት የሆነው ይህ ነው። መድኃኒቱ አልተበላሸም፣ በሽታውም በአንድ ቀን አልባሰም። ታክሲ አጥቶ ነው።

አሁን ሁዳዴን አስታውስ። የ1 ሰዓቷም የ6 ሰዓቷም ክኒን ባዶ ሆድ ነበር የምታገኘው። ግፊያ የለም። ለዚያ ነው እንደ ጎረምሳ የተራመዱት። በነገራችን ላይ፣ እስከ 9 ሰዓት መጾማቸውን ሐኪማቸው ያውቃል? ካላወቀ ንገሩት። ክብደት መቀነስ የዚህ በሽታ አንዱ ጠላት ነው።

በተለምዶ የሚመከረው ክኒኗን ከምግብ 30 ደቂቃ ቀድሞ፣ ወይም ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ መውሰድ ነው። ባዶ ሆድ ካቅለሸለሻቸው ቁራሽ ዳቦ ወይም ሙዝ ይበቃል፤ ወተት ግን አይሁን። አንዳንዱ ሐኪም ደግሞ ቀን ላይ ፕሮቲኑን ቀነስ አድርጎ አብዛኛውን ወደ እራት ያዞረዋል። ፕሮቲን ጨርሶ ይቅር የሚል ሐኪም ግን አላየሁም። የ71 ዓመት ሰው ፕሮቲን ሲያጣ ጡንቻው ያልቃል፣ ጡንቻው ሲያልቅ ይወድቃል፣ የዳሌ አጥንት ይሰበራል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግርህም።

ሽሮ ፈሰስ፣ አንተም አትኩራ። ሽሮ ፕሮቲን ነው። ምስርም ፕሮቲን ነው። ክኒኗን ከወፍራም ሽሮ ጋር ብትውጣትም ያው ግፊያው አለ።

ሽሮ ፈሰስ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡20

ሽሮን እንኳ አላስተረፍሽም እህቴ 😅

እርሾ · ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡30

ሁለተኛውን እኔ ልሞክር። ባዮኬሚስትሪ ነው ያጠናሁት፣ ስሜም ከዚያው የመጣ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ።

የጉለሌ ልጅ ያነበበው ዩታ ዩኒቨርሲቲ ካለው የአዳም ሂዩዝ ላቦራቶሪ የወጣው ሥራ ይመስለኛል። ጥናቱ የተሠራው በሰው ላይ አይደለም፣ በአይጥም አይደለም። በእርሾ ነው። ዳቦ የሚነፋው፣ ቢራ የሚያፈላው፣ የእናታችሁ ጠላ ውስጥም የማይጠፋው ያው እርሾ። እንዳትስቁ። የእርሾ ሴል ትንሽ ብትሆንም እንደኛ ሴል ማይቶኮንድሪያ (የሴል ጉልበት ማምረቻ) አላት፣ ታረጃለች፣ ትሞታለች። የምታረጀው ደግሞ በጥቂት ቀን ውስጥ ነው። የሰው እርጅና እስኪደርስ 70 ዓመት የሚጠብቅ ተመራማሪ የለም።

እርሾ ውስጥ ቫኪዩል የሚባል ከረጢት አለ። የሴሏ ጎተራ በሉት። ትርፍ አሚኖ አሲድ እዚያ ይከተታል። ጎተራው ውስጡ ኮምጣጣ ነው፣ አሲድ ነው፤ ኮምጣጣነቱን የሚጠብቅ ፓምፕ ግድግዳው ላይ አለ። አሚኖ አሲዶቹን ወደ ውስጥ የሚስባቸው ያ የአሲድ ልዩነት ነው። ሂዩዝ ከዳንኤል ጎትሽሊንግ ጋር ሆኖ በ2012 (ዓመት የምጠቅሰው ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ያሳየው ይህን ነው፦ ሴሏ ገና ማርጀት ስትጀምር ጎተራው ኮምጣጣነቱን ያጣል፤ እሱን ተከትሎ ማይቶኮንድሪያው ይበላሻል።

ጎተራውና ማይቶኮንድሪያው ግን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ነገሮች ናቸው። የአንዱ መበላሸት ሌላውን ለምን ይገድለዋል? መልሱ በ2020 መጣ። ጎተራው አልቀበል ሲል አሚኖ አሲዶቹ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ከሁሉም የከፋው ሲስቴይን ነው። ሲስቴይን ድኝ ያለበት አሚኖ አሲድ ነው፣ ጠጉር ሲቃጠል የምትሸቱት ሽታ ድኙ ነው። ሴሏ ውስጥ ሲበዛ ብረቱን ያውከዋል። ማይቶኮንድሪያ ደግሞ ያለ ብረት ጉልበት ማምረት አይችልም፤ ብረትና ድኝ ተጣምረው የሚሠሩ ክፍሎች አሉት። ሴሏ የሚያገለግል ብረት ታጣለች፣ ማይቶኮንድሪያው ይዳከማል። ተመራማሪዎቹ ብረት ሲጨምሩላት ማይቶኮንድሪያው አገገመ። እኔን ያሳመነችኝ ይህች ሙከራ ነች፤ ያለ እሷ ነገሩ ተረት ነበር የሚሆነው።

ልብ በሉ፣ ሲስቴይኑ ከውጭ በገፍ ገብቶ አይደለም። ቤት ውስጥ የነበረው ነው። ጤፉ ያው ጤፍ ነው፣ የተበላሸው ጎተራው ነው።

ይህ ሁሉ ከፓርኪንሰን ጋር ምን አገናኘው? እኛ ቫኪዩል የለንም፤ በእሱ ቦታ ላይሶሶም አለን። እሱም ኮምጣጣ ነው፣ ያው ፓምፕ አለው። ፓርኪንሰን ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ተደጋግሞ ይታያል፦ የላይሶሶም ችግርና የማይቶኮንድሪያ ችግር።

ማይቶኮንድሪያው የታወቀው በአሳዛኝ አጋጣሚ ነው። በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች በመንደር የተቀመመ ሰው ሠራሽ ሄሮይን ተወጉና በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ ፓርኪንሰን በሽተኛ ደርቀው ቀሩ። ዊልያም ላንግስተን የሚባል የነርቭ ሐኪም ተከታትሎ ያገኘው ኤምፒቲፒ የሚባል ኬሚካል ነው። ሰውነት ውስጥ ተለውጦ የማይቶኮንድሪያን የመጀመሪያ የጉልበት ማምረቻ ክፍል ይዘጋል፤ የሚገድለውም ዶፓሚን የሚሠሩትን ሴሎች ነው።

የላይሶሶሙ ማስረጃ ከጂን ነው የመጣው። ዮርዳኖስ አገር ኩፎር ራኬብ በምትባል ቦታ ስም የሚጠራ፣ በወጣትነት የሚጀምር ፓርኪንሰን መሰል በሽታ አለ። የተበላሸው ጂን ላይሶሶም ላይ የሚሠራ ነው። ጂቢኤ የሚባለው ጂንም የላይሶሶም ነው። በ2023 የወጣ ጥናት ናይጄሪያ ውስጥና በሌሎች አፍሪካዊ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ በዚሁ ጂን አካባቢ ለፓርኪንሰን የሚያጋልጥ አዲስ ለውጥ አግኝቷል። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ የፓርኪንሰን ጂን ጥናት ለብዙ ዓመት የአውሮፓ ሰው ደም ብቻ ነበር የሚያየው።

እና ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ምናልባት ሁለቱን ብልሽቶች የሚያገናኛቸው ክር ቦታ ያጣ አሚኖ አሲድ ይሆናል። «ምናልባት» ያልኩት ለጌጥ አይደለም። ከእርሾ ተነስቶ ጉለሌ ሶፋ ላይ እስከ ተቀመጡት አባት ያለው መንገድ ሩቅ ነው።

ሽሮ ፈሰስ · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡10

ገባኝ። ግን ሲስቴይኑ ራሱ ሥጋ ውስጥ አይደል እንዴ ያለው? ምንጩን ብንቀንስ ምን አለበት?

እርሾ · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡25

ሥጋም ውስጥ አለ፣ እንቁላልም ውስጥ አለ፣ ምስርም ውስጥ አለ። ብትቀንሰውም ጉበትህ ሜቲዮኒን ከሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ይሠራዋል፤ ያለ እሱ መኖር አትችልማ። ጣራህ ስላፈሰሰ ዝናብ አይዝነብ አትልም። ደግሞ ጎተራው ካልተበላሸ ሴል ራሱን ይከላከላል። ያው ላቦራቶሪ ሌላም ነገር አግኝቷል፦ አሚኖ አሲድ ሲበዛ ማይቶኮንድሪያው ከግድግዳው ቆርሶ ትንሽ ክፍል ይሠራና የተወሰኑ ማስገቢያ በሮቹን እዚያ ውስጥ ይከታል። ጎርፍ ሲመጣ በር እንደ መንቀል ነው። እኔ በግሌ ከሁሉ በላይ የምወዳት ግኝት እሷ ነች።

ባለ ጠርሙሷ · ረቡዕ፣ ቀን 7፡50

አሁን ግራ አጋባችሁኝ። ባለቤቴ ፓርኪንሰን አለባቸው። ዱባይ ያለች እህቴ ኤን-አሴቲል ሲስቴይን የሚል ጠርሙስ ላከችልኝ፣ «ለነርቭ ጥሩ ነው» ብላ። ዋጋው አይነገርም። እናንተ ሲስቴይን ሴል ይገድላል እያላችሁ ነው። ልጣለው?

እርሾ · ረቡዕ፣ ቀን 8፡30

እህቴ፣ እህትሽም አልተሳሳተችም። ሲስቴይን ግሉታታዮን የሚባለው መከላከያ ይሠራበታል። አንጎል ውስጥ ሰብስታንሺያ ናይግራ የሚባል፣ በላቲን «ጥቁር አካል» እንደማለት፣ ዶፓሚን የሚሠሩት ሴሎች ያሉበት ቦታ አለ። በፓርኪንሰን በሽተኞች እዚያ ቦታ ላይ ግሉታታዮን ቀንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ «ሲስቴይን እንስጣቸውና ግሉታታዮኑ ይሙላ» የሚል ሐሳብ መጣ፤ እየተሞከረም ነው። ያው ሲስቴይን ቦታውን ስቶ ሲከማች ያውካል፣ በቦታው ሲሆን ይጠብቃል። በርበሬ ወጥ ውስጥ ሲሆንና ዓይን ውስጥ ሲገባ አንድ ነው እንዴ?

ብረቱም እንደዚሁ ነው። እርሾዋ ብረት ስታገኝ ዳነች ብያለሁ። የፓርኪንሰን በሽተኛ ጥቁር አካል ውስጥ ግን ብረት ተከማችቶ ነው የሚገኘው። አለ፣ ግን የሚያገለግለው ስንቱ እንደሆነ ሌላ ጥያቄ ነው። ይህን አንብቦ የብረት ክኒን ሊገዛ የተነሳ ካለ እባካችሁ ይቀመጥ።

የድሮዋ ነርስ · ረቡዕ፣ ማታ 3፡00

ብረትማ ሌላም ጣጣ አለው። ከሌቮዶፓ ጋር አንድ ላይ ከተዋጠ አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፣ መድኃኒቱ በደንብ አይገባም። ሐኪም ብረት ያዘዘለት ሰው ካለ ሰዓቱን ያራርቅ። ባለ ጠርሙሷ፣ ጠርሙሱን አትጣይው፤ ይዘሽው ሐኪሙ ዘንድ ሂጂና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው። የሚወስዱትን ሁሉ ማየት አለበት።

የደንቢያው · ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡45

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የገበሬ ልጅ ነኝ። ይህን ክር ሳነብ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አሚኖ አሲድ ሰው ሽባ ያደርጋል ሲባል ፈረንጅ አገር የሚገረሙ ካሉ ይገረሙ፤ እኛ ደንቢያ ላይ አንገረምም። ጓያ የሚባል ነገር አለና።

ከቤታችን ማዶ አንድ ጎረቤታችን ነበሩ። ድርቅ በገባበት ዓመት ሌላው እህል ሲያልቅ ወራት ሙሉ ጓያ በሉ። ጓያ ድርቅ አይፈራም፣ ውኃ በተኛበት ጥቁር አፈር ላይም ይበቅላል። ደህና ሰው ነበሩ፣ አራሽ። ከዚያ በኋላ በሁለት ዱላ ሆኑ። አረማመዳቸው አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፦ ተረከዛቸው መሬት አይነካም፣ ጉልበታቸው እርስ በርሱ ይጠላለፋል፣ አንዱን እግር በሌላው ፊት እንደ መቀስ እያቋረጡ። እናቴ ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ እንዳይመታን ከጓዳ ታባርረን ነበር። እንፋሎቱ ነው ብላ ነበር የምታምነው። በኋላ ስማር ጥፋቱ የእንፋሎቱ አለመሆኑን አወቅሁ። እህሉ ውስጥ ያለ አሚኖ አሲድ ነው።

እና የዚህ ቤት ሊቃውንት፣ ጓያም ፓርኪንሰን ያመጣል ማለት ነው?

እርሾ · ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡40

የደንቢያው፣ ጋሼ ልበልዎት መሰለኝ። የክሩን ምርጥ መልእክት ጻፉ።

አያመጣም። ጓያ ውስጥ ያለው ኦዳፕ ይባላል። ፕሮቲን የማይሠራበት አሚኖ አሲድ ነው። አንጎላችን ውስጥ ግሉታሜት የሚባል መልእክት አድራሽ አለ፣ እሱም አሚኖ አሲድ ነው። ኦዳፕ እሱን ይመስላል፣ በእሱ በር ያንኳኳል፣ ግን ማንኳኳቱን አያቆምም። ነርቩ ሳያርፍ ሲሠራ ይጎዳል። የሚጎዱት እግር የሚያዙት ረጃጅም ነርቮች ናቸው። ለዚያ ነው ጎረቤትዎ እግራቸው ተወጥሮ እጃቸው የዳነው። ፓርኪንሰን ላይ የሚሞቱት ሌሎች ሴሎች ናቸው፣ ዶፓሚን ሠሪዎቹ። ጓያ አንዴ ከጎዳ በኋላ በአብዛኛው ባለበት ይቆማል፤ ፓርኪንሰን ግን ይቀጥላል።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በእርስዎው አገር፣ ደንቢያና ፎገራ ላይ ቤት ለቤት ዞረው ይህን በሽታ አጥንተዋል፤ ጽሑፋቸው በፈረንጅ 1990 ነው የወጣው። ጓያን ዘፍዝፎ፣ ቀቅሎ፣ ውኃውን መድፋት ኦዳፑን ይቀንሳል፣ ጨርሶ ግን አያጠፋም። በድርቅ ጊዜ ደግሞ ለመድፊያ የሚሆን ውኃ ከየት ይመጣል።

የደንቢያው · ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡00

ልክ ነህ ልጄ። ውኃውን የሚያመጡት እናቶች ናቸው፣ ሁለት ሰዓት በእግር።

ሽሮ ፈሰስ · ሐሙስ፣ ቀን 6፡30

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። ባቄላ እሸት የፓርኪንሰን መድኃኒት ነው የሚባለውስ?

የድሮዋ ነርስ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡10

ዝም እንደማትል እናውቃለን።

እውነት አለው። ባቄላ ውስጥ ሌቮዶፓ አለ፣ ያው ክኒኑ ውስጥ ያለው። ከባቄላ ተለይቶ የወጣው ገና በፈረንጅ 1913 ነው፤ ለፓርኪንሰን መዋል የጀመረው ግን በ1960ዎቹ ነው። እሸቱና ቅርፊቱ ከደረቁ ፍሬ ይበልጣል። ግን አንዱ ማሳ ከሌላው ይለያል፣ የዛሬው እሸት ከሳምንቱ ይለያል። መጠኑን ማን ይለካዋል? ክኒን እየወሰደ አንድ እቅፍ ባቄላ የሚግጥ ሰው ሰውነቱ ያለ ፈቃዱ ሊወራጭ ይችላል። ባቄላ ደሙን የሚያፈርስበት ሰውም አለ፣ በዘር የሚመጣ ነው። እሸት ለጨዋታ ነው የሚበላው፤ ክኒኑን አይተካም።

የጉለሌ ልጅ · እሑድ፣ ማታ 1፡20

ቤተሰብ፣ ተመለስኩ። ዓርብ ሐኪሙ ጋ ደወልን። የ6 ሰዓቷን ክኒን 5 ሰዓት ተኩል አደረጋት፣ ምሳ ከ6 ሰዓት ተኩል በፊት እንዳይቀርብ አለ፣ ሥጋው ለእራት ይሁን አለ። ስለ ጾሙ ስነግረው ትንሽ ተቆጣ፣ ግን ደህና ሰው ነው፣ ለከርሞ አብረን እንነጋገራለን አለ።

እናቴን ማሳመን ከሁሉም ከባድ ነበር። የእርሾን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ጎተራው ጋ ስደርስ «ነቀዝ ገብቶበት ነው በላ» አለች። ተውኳት፣ ከዚህ በላይ እኔም አላውቅ።

ዛሬ ዳግማይ ትንሣኤ አይደል፣ እንግዳ ነበረን። አባዬ ምሳ ላይ አትክልትና እንጀራ በሉ፣ ፊታቸውን ቋጥረው። ወደ 8 ሰዓት ግድም ዞር ስል ሶፋው ባዶ ነው። ደነገጥኩ። በሩ ጋ ሄጄ ሳይ እጃቸውን ታጥበው እየተመለሱ ነው፣ ፎጣው ትከሻቸው ላይ። አዩኝና «ምን ያስደነግጥሃል» አሉ። «ክትፎው ስንት ሰዓት ነው?»